አንድ መደብ ለጡሉ ዲማ

ኑሰይባ ሳሊህን ሚኒባስ ውስጥ ከሚያናድዷት ነገሮች ሁሉ የባሰው፣ አጠገቧ የተቀመጠ ሰው የምታነበውን አብሯት ሲያነብ ነው። የዚያን ቀን ጠዋት ከአዳማ መነኸሪያ ተነስታ በወለንጪቲ መንገድ ወደ ሥራዋ ስትሄድ ጭኗ ላይ የዘረጋችው፣ ክልሉ ሊያወጣው ያሰበውን የትምህርት ቤቶች ገንዘብ አዋጅ ረቂቅ ነበር። እንኳን ለሌላ ሰው ለእሷ ለራሷም እንቅልፍ የሚያመጣ ጽሑፍ ነው። በቀኟ በኩል የተቀመጠው ወጣት ግን ገጽ እስክትገልጥ እየጠበቀ፣ ቶሎ ስትገልጥበት ደግሞ አንገቱን እያሰገገ ያነባል።

«ወንድሜ፣ ጋዜጣ ልግዛልህ?» አለችው።

«ይቅርታ እህቴ» አለ፤ ዓይኑን ግን ከወረቀቱ አላነሳም። «አንዴ ወደ ኋላ ትመልሺልኝ? ያ አንቀጽ እኔን የሚያባርር መሰለኝ።»

መለሰችለት። አንቀጹ፣ የመንግሥት ትምህርት ቤት ከወላጆች መዋጮ መጠየቅም ሆነ በመዋጮ መምህር መቅጠር አይችልም ይላል። ወጣቱ ደግሞ አነበበውና ወንበሩን ተደግፎ «አዎ፣ እኔው ነኝ» አለ።

ስሙ ሙስዓብ ነው። የባቱ ልጅ ነው፤ በሒሳብ ተመርቆ የመንግሥት ቅጥር ሲጠብቅ ሰለቸውና ጡሉ ዲማ በምትባል የገጠር ቀበሌ የኮንትራት መምህር ሆነ። ደመወዙን የሚከፍሉት ወላጆች ናቸው። ብር የሌለው ሽንኩርት ያመጣል፤ የወላጆች ኮሚቴው ሽጦ ይከፍለዋል።

«ሽንኩርት ሲረክስ ኮሚቴው ሰላም አይለኝም» አላት።

ኑሰይባ መሳቅ አልፈለገችም ነበር፤ ሳቀች። ከዚያ የመንግሥት ሠራተኛነቷ ትዝ አላትና «አዋጁ ግን ክፉ አይደለም» አለች። «መዋጮ ያልከፈለ ሰው ልጅ እኮ ከበር ይመለሳል።»

«አውቃለሁ። በሩ ላይ ቆሜ የማየው እኔ ነኝ። አምና ከክፍሌ አንደኛ የምትወጣው ልጅ እንደዚያ ተመልሳ በዚያው ቀረች። ሕጉ ልክ ነው። ልክ በሆነ ሕግ መባረሬ ነው የቆጨኝ፤ የምሰድበው ሰው እንኳ የለኝም።»

ኑሰይባ ዞር ብላ አየችው። በገንዘብ ጽሕፈት ቤት የበጀት ባለሙያ ሆና ስትሠራ ብዙ ሰው ስለ ሕግ ሲያወራ ሰምታለች። የራሱን እንጀራ የሚቆርጥበትን ሕግ ልክ ነው የሚል ሰው ግን ገጥሟት አያውቅም። ረቂቁን አጣጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው፤ የቀረውን መንገድ ሲያወሩ ሄዱ።

የምትሠራበትን ወረዳ ስም አንጠራም፤ ሰዎቹ ይቀየሙናል። ከወለንጪቲ አለፍ ይላል፤ ይኸው ይበቃል።

ከዚያ በኋላ ሰኞ ጠዋት ከአዳማ፣ አርብ ማታ ወደ አዳማ አብረው መመላለስ ሆነ። ሙስዓብ ቅዳሜና እሁድን አዳማ አክስቱ ቤት ነው የሚያሳልፈው። ቀድሞ ከመጣ አጠገቡ ያለው ወንበር ላይ ቦርሳውን ያስቀምጣል፤ ረዳቱ መጀመሪያ ሰሞን ተጨቃጨቀው፤ በኋላ ግን ራሱ «እሱ የበጀቷ ልጅ ቦታ ነው፣ ወደ ኋላ እለፉ» እያለ ሰው ይመልስለት ጀመር። ወሬያቸው የፍቅረኞች ወሬ አይደለም። ክልሉ ለወረዳው የሚሰጠው ገንዘብ አንድ ላይ ተጠቅልሎ እንደሚመጣ፣ ደመወዝ አብዛኛውን እንደሚበላው፣ ለጠመኔና ለፈተና ወረቀት የሚተርፈው ፍርፋሪ እንደሆነ ታስረዳዋለች። እሱ ደግሞ አስተማሪ አይደል፣ እስኪገባው ይጠይቃል። ሚኒባሱ ሲጠብና ትከሻቸው ሲነካካ ግን እሱ የመንገዱን ግራር፣ እሷ የፊተኛውን ወንበር ጀርባ ያያሉ።

አንድ አርብ፣ ልክ ሲወርዱ፣ «አባትሽ ሰው ይቀበላሉ?» አላት።

«አባቴ መለዋወጫ ሱቅ አለው። ሰው ሲቀበል ነው የሚውለው።»

«ቤት ማለቴ ነው።»

ኑሰይባ ገባት። የነጠላ ጫማዋን ማሰሪያ ያለ ምክንያት ጎንበስ ብላ አስተካከለች። «ይቀበላል» አለች ቀስ ብላ። እወድሃለሁ፣ እወድሻለሁ የለም፤ የተባባሉት ሁሉ ይኸው ነው።

አዋጁ ጸደቀ። መዋጮ ቀረ፤ በመዋጮ የተቀጠሩ መምህራን ውል በዓመቱ አጋማሽ ይቋረጣል ተባለ። ለማካካሻ ክልሉ ጥቂት ተጨማሪ ገንዘብ ለቀቀ። ለዚያ ወረዳ የደረሰው አንድ የኮንትራት መምህር ቋሚ ለማድረግ ብቻ የሚበቃ ነው። አንድ መደብ። ጠያቂዎቹ ሁለት ትምህርት ቤቶች ናቸው፤ ሙስዓብ የሚያስተምርበት ጡሉ ዲማና ዱሬቲ የምትባል መምህርት አንደኛና ሁለተኛ ክፍልን አንድ ላይ ይዛ የምታስተምርበት ቡርቃ።

የትኛው እንደሚገባው አጥንታ ሰንጠረዥ እንድትሠራ የታዘዘችው ኑሰይባ ናት። የተማሪውን ብዛት፣ የመምህሩን ብዛት፣ የመንገዱን ርቀት ደመረች፣ አካፈለች። በትንሽ ብልጫ ጡሉ ዲማ አንደኛ ወጣ። ደስ አላት፤ ደስታዋ ደግሞ አስፈራት። ደግማ አየችው፤ ያው ነው።

ለሙስዓብ ትንፍሽ አላለችም። ያልጸደቀ በጀት ሚኒባስ ውስጥ አይወራም። ማክሰኞ ለወረዳው ምክር ቤት የበጀት ኮሚቴ ታቀርባለች፤ እሱ መደቡን ያገኛል፤ ከዚያ ሽማግሌ ይልካል። በልቧ የሠራችው ዕቅድ ይህ ነበር።

ሙስዓብም የራሱ ዕቅድ ነበረው። የማክሰኞውን ስብሰባ ከትምህርት ቤቱ ሰምቷል፤ መደቡ ካመለጠው ሥራ ፈት ነው፤ የሥራ ፈት ሽማግሌ ደግሞ ከደጅ ይመለሳል። ስለዚህ መምህር ተብሎ በሚጠራበት ጊዜ፣ ከማክሰኞው በፊት ይላክ። ከባቱ አጎቱን መሐመድሰዒድን አስመጣ፤ አክስቱ ሰፈር ያሉ አንድ አዛውንት ተጨመሩ። ሦስተኛው ሰው ክብደት ያለው መሆን አለበት። በወረዳው የሚያውቃቸው ትልቅ ሰው ደግሞ ባለፈው የወላጆች በዓል ላይ ጨብጠውት «ለማንኛውም ነገር እኔ አለሁ» ያሉት አቶ ጉተማ ናቸው፤ የገንዘብ ጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ።

አዎ፣ የኑሰይባ አለቃ። እሷን ለማስደሰት ብሎ ነው። አቶ ጉተማም ልጅቷ ማን ናት ብለው አልጠየቁም፤ ሽምግልና ተለምኖ እምቢ አይባልም። እሁድ ዕለት ኮታቸውን ለብሰው አዳማ ወረዱ።

አባቷ አቶ ሳሊህ እንግዶቹን በክብር ተቀበሉ። «ተቀመጡ እንጂ» ቢሉ አጎትየው «ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም» አሉ። እንደ ደንቡ ጥቂት ተለማመኑና ጉዳያቸውን ተናገሩ፤ ልጃችሁን ለልጃችን ብለን ነው፣ ልጁ መምህር ነው፣ ሰው አክባሪ ነው። አቶ ጉተማ በየመሃሉ ጭንቅላታቸውን እየነቀነቁ ሳለ ዓይናቸው ግድግዳው ላይ አረፈ። ኑሰይባ የምረቃ ጋውን ለብሳ፣ አበባ ታቅፋ ትስቃለች። አቶ ጉተማ መነቅነቃቸውን አቆሙ።

ኑሰይባ ከመጋረጃው ጀርባ ሆና አየቻቸው። ቀስ ብላ በጓሮ በር ወጣች።

አቶ ሳሊህ «ከቤተሰብ ጋር ልመካከር» ብለው ሲነሱ አቶ ጉተማ ስልክ የመጣላቸው መስለው ወደ ጓሮ ወጡ። ኑሰይባ ቧንቧው አጠገብ ቆማለች።

«አንቺ ነሽ ለካ» አሉ።

«እኔ ነኝ አቶ ጉተማ።»

«ማክሰኞስ?»

አቶ ጉተማ ወደ በሩ አዩና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ስሚኝ ልጄ። እኔ ያንን ሰንጠረዥ ማስረዳት እንደማልችል ታውቂያለሽ። አባትሽ ዛሬ እሺ ሳይሉ ቀጠሮ ይስጡን፤ እስከ ማክሰኞ ዝምድና የለም ማለት ነው። ደንቡም ነው፤ በመጀመሪያ ቀን እሺ የሚል አባት የለም። እኔም ዛሬ እዚህ አልመጣሁም። ማክሰኞ አንቺ ታቀርቢያለሽ፣ ልጁ መደቡን ያገኛል፣ በወሩ ሰርግሽን እንበላለን። ማን ተጎዳ?»

«ዱሬቲስ?»

አቶ ጉተማ መነጽራቸውን አውልቀው በኮታቸው ጫፍ መጥረግ ያዙ። ክፉ ሰው አይደሉም፤ ነገር በሰላም እንዲያልፍ የሚወዱ ሰው ናቸው።

አባቷ መጡ። «እህስ ኑሲ፣ ምን ልበላቸው? ቀጠሮ ልስጥ?»

ቀጠሮ ቢሰጥ ማንም አይደነቅም። ማክሰኞ ኮሚቴው ፊት ቆማ ግን፣ ሽማግሌ የላከባትን ሰው እንደማታውቀው ሆና ልትናገርለት ነው። በዚያ ሊጀመር ነው ትዳሯ። ወደ አባቷ ዞረች።

«እሺ ብላለች በላቸው አባዬ። ዛሬውኑ።»

«በመጀመሪያው ቀን? ሰው ምን ይላል?»

«ይበል።»

አቶ ጉተማ መነጽራቸውን አደረጉና ወደ ሳሎን ተመለሱ።

ማክሰኞ የምክር ቤቱ አዳራሽ ሞልቷል። ከኋላ ወንበር የጡሉ ዲማ ወላጆች ሙስዓብን መሃል አድርገው ተቀምጠዋል፤ በሌላው በኩል ዱሬቲ ከርዕሰ መምህሯ ጋር። የኮሚቴው ሰብሳቢ ወይዘሮ ኮከብ ጡረታ የወጡ አስተማሪ ናቸው። የጡሉ ዲማና የቡርቃ ጉዳይ ሲጠራ ኑሰይባ ተነሳች።

«ይህን ጉዳይ እኔ ላቀርብ አልችልም» አለች። «የጡሉ ዲማው መምህር ሙስዓብ እሁድ ዕለት ሽማግሌ ልኮብኝ እሺ ብያለሁ።»

አዳራሹ በሳቅ ሞላ። ከጡሉ ዲማ እናቶች አንዷ እልል አለች። ሙስዓብ መጀመሪያ ፈገግ አለ፤ ከዚያ ነገሩ ቀስ ብሎ ሲገባው ፈገግታው ጠፋ። ሰንጠረዡን የሠራችው እሷ እንደሆነች አሁን ገና ማወቁ ነው።

«እንኳን ደስ ያለሽ» አሉ ወይዘሮ ኮከብ። «ሰንጠረዡንስ የሠራሽው መቼ ነው?»

«ባለፈው ሳምንት።»

አቶ ጉተማ በእፎይታ ተነሱ። «ክብርት ሰብሳቢ፣ እንግዲህ ያኔ ዝምድና አልነበረም። ሰነዱ እንዳለ ይታይልን።»

«ይቀመጡ አቶ ጉተማ። ዝምድና በሽማግሌ ብቻ አይጀምርም።» ወይዘሮ ኮከብ ወደ ኑሰይባ ዞሩ። ቁጣ የለባቸውም፤ ክፍል ውስጥ እንደሚጠይቁ ነው የጠየቋት። «ልጄ፣ ሰንጠረዡን ስትሠሪ ልጁን ትወጂው ነበር?»

እልል ያለችው እናት አንገቷን አስግጋ ጠበቀች።

አልወደውም ነበር፤ ይኸው ነው የሚፈለገው። ይህን ብትል ሰነዱ ይጸድቃል፣ ጡሉ ዲማ የሒሳብ መምህር ያገኛል፣ እሱ ቋሚ ይሆናል። ልቧን ከፍቶ የሚያመሳክር ኦዲተር የለም። ዓይኗን ወደ ኋላ ወንበር ላከች። ሙስዓብ ያያታል። አይለምናትም፤ ተማሪ መልስ እስኪሰጥ እንደሚጠብቅ ሰው ይጠብቃታል።

«እወደው ነበር» አለች።

«ከመቼ ጀምሮ?»

«አዋጁ ገና ረቂቅ ከነበረበት ጊዜ ጀምሮ።»

የሳቀ የለም። ቃለ ጉባኤ የሚጽፈው ልጅ ይህን ይጻፈው አይጻፈው ጨንቆት ወደ ሰብሳቢዋ አየ፤ ጻፈው ብለው ምልክት ሰጡት። «እንግዲያው ይህ ሰንጠረዥ አይሠራም» አሉ ወይዘሮ ኮከብ። «ከሌላ ወረዳ ባለሙያ መጥቶ እንደ አዲስ ይሥራው።»

ውጭ ደረጃው ላይ ተቀምጣ ሳለ የጡሉ ዲማ ሰዎች በአጠገቧ ሲያልፉ ሰላም አላሏትም። ሙስዓብ መጨረሻ ላይ መጣ።

«ሰንጠረዡ ላይ ማን ነበር አንደኛ?» አላት።

«እናንተ።»

አጠገቧ ተቀመጠ። «ለምን አልነገርሽኝም?»

«የመሥሪያ ቤት ጉዳይ ነዋ። አንተስ አለቃዬን ሽማግሌ ስትልክ ለምን አልነገርከኝም?»

«ደስ እንዲልሽ ብዬ።»

ለመጀመሪያ ጊዜ እወደዋለሁ ብላለች፤ ስለዚያ አንዳቸውም አላነሱም። «ስምንተኛ ክፍሎቼ ዘንድሮ ሚኒስትሪ ይፈተናሉ» አለ በመጨረሻ። «ማን ያስተምራቸዋል?» ይህን ብሎ ተነሳ። በሚቀጥለው አርብ ሚኒባሱ ውስጥ ከሾፌሩ ጎን ጋቢና ተቀመጠ፤ አዳማ እስኪደርሱ ዞር ብሎ አላያትም። ረዳቱ ባዶውን ወንበር አየ፣ እሷን አየ፣ በሩን ዘጋ።

ከጎረቤት ወረዳ ይትባረክ የሚባል ባለሙያ መጥቶ እንደ አዲስ ሠራው። ቡርቃ አንደኛ ወጣ። መደቡ ለዱሬቲ ተሰጠ፤ የሙስዓብ ውል ተቋረጠ፤ ባቱ ተመልሶ አንድ የአትክልት እርሻ ውስጥ ቲማቲም መዛኝ ሆነ። ስልክ አይደውልም። ብትደውል ያነሳል፤ «ደህና ነኝ» ይላል፤ ያበቃል። አጎቱ በአፍረት ወደ አቶ ሳሊህ ደውለው «ልጁ ሥራ የለውምና ነገሩ ይቆይ ካላችሁ አንቀየምም» ቢሏቸው፣ አቶ ሳሊህ «እሺ ያልነው ለልጁ ነው እንጂ ለደመወዙ አይደለም» ብለው መለሱላቸው። ኑሰይባ ይህን ስትሰማ ወደ መኝታ ቤቷ ገብታ አለቀሰች። አባቷ እሺ ብለዋል፣ እሷ እሺ ብላለች፤ ራቅ ያለው ልጁ ነው።

የይትባረክን ሰንጠረዥ አውጥታ መመርመር ጀመረች። ስህተት ትፈልጋለች። አንድ ትንሽ ስህተት ብታገኝ ይግባኝ ማለት ይቻላል። መስመር በመስመር ሄደችበት፤ የለም። ሰውየው ንጹሕ ሥራ ነው የሠራው። ታዲያ ልዩነቱ ከየት መጣ? ብላ የራሷን አጠገቡ ዘረጋችው።

እዚያ አገኘችው። ቡርቃ ላይ በዓመቱ መሃል ትምህርት ያቋረጡትን ልጆች ቀንሳለች። ጡሉ ዲማ ላይ አልቀነሰችም። ያዘዛት የለም፤ አስባም አላደረገችውም። ደግማ ስታየው እንኳ አልታያትም ነበር። እጇን ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ ጥቂት ተቀመጠች፤ ከዚያ አቶ ጉተማ ዘንድ ገብታ ስህተቷን ነገረቻቸውና ፈቃድ ጠይቃ ወጣች።

ባቱ ስትደርስ ፀሐዩ በርትቷል። ከመነኸሪያው በባጃጅ እርሻው በር ድረስ ሄደች፤ ዘበኛው አስጠራላት። ሙስዓብ እጁን በሱሪው እየጠረገ መጣ። ጠቁሯል፤ ከስቷልም።

«ምን ሆነሽ መጣሽ? ሰላም ነው?»

«ስህተት ሠርቼ ነው።» ቆመው ነገረችው። የቡርቃን እንደቀነሰች፣ የጡሉ ዲማን እንዳልቀነሰች። እሱ እንደ ልማዱ ጠየቃት፤ ያቋረጡት ስንት ነበሩ፣ መምህራኑስ፣ ሲካፈልስ? በአየር ላይ በጣቱ አሰላው።

«እንግዲህ መደቡ ከመጀመሪያውም የዱሬቲ ነበር» አለ።

«የእሷ ነበር። ሽማግሌ መላክህ ምንም አላበላሸም። ወይዘሮ ኮከብ ባይጠይቁኝ ኖሮ እኔ ነበርኩ የሰው ሐቅ የምወስድልህ። ሳላውቅ።» ቦርሳዋን ከትከሻዋ አወረደች። «ይህን ማወቅ አለብህ ብዬ ነው የመጣሁት። ከፈለግህ አሁን ተመለሺ በለኝ።»

ሙስዓብ መሬት መሬት ያይ ነበር። «እኔ ደግሞ አንቺ ፊት መቆም አፍሬ ነው እንጂ ተቀይሜሽ አይደለም» አለ። «መምህር ነው ብዬ ሽማግሌ ላኩ፤ መምህር አይደለሁም። ልጆቹንም እኔ ያስጣልኳቸው መስሎኝ ነበር።» ትንሽ አሰበ። «ፈተናቸው እስኪደርስ ቅዳሜ ቅዳሜ ሄጄ ባስተምራቸው አዋጁ ይከለክላል? ያለ ክፍያ?»

«ሽንኩርት እስካልተቀበልክ ድረስ አይከለክልም።»

ሳቀ። ከማክሰኞዋ ወዲህ ሲስቅ ማየቷ ነው። ሳቁ ሲያልቅ ግን ፊቱ ከበፊቱ ይልቅ ቁም ነገር ሆነ።

«እውነቱን ልንገርሽ?» አላት። «አዳራሽ ውስጥ እወደው ነበር ስትዪ አላመንኩሽም። ለሕጉ ብለሽ ያልሽው ነበር የመሰለኝ።»

«አሁንስ?»

«አሁን አመንኩ» አለ። «አንቺ እኮ ከዚህ በፊት በሒሳብ ተሳስተሽ አታውቂም።»